ከባሕሩ ማዶ የታሰረ እጅ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሌክ ሲቲ

ሰዓቱን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው። በፈረንጆቹ ቆጥሬ ሁለት ጊዜ ሥራ አርፍጃለሁ፤ ሦስተኛው ይቅርብኝ።

ኅዳር ነው፣ ሐሙስ። ዝናቡ የሲያትል ዝናብ ነው፤ አጥብቆ አይጥልም፣ አያባራም። የአፓርትመንቴ በር ላይ ቆሜ ቦርሳዬን ለሦስተኛ ጊዜ እፈትሻለሁ። ግሪን ካርዴ አለ፣ የሱፍ ካልሲ አለ፣ አንድ ብርቱካን አለ፣ ማስታወሻ ደብተሬ አለ። ደብተሩን የያዝኩት የማኅበራችን ጋዜጣ ሰዎች "አንድ የጉዞ ማስታወሻ ጻፊልን" እያሉ ስለሚጨቀጭቁኝ ነው። እነሱ የሚጠብቁት ተራራና ሐይቅ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምሄደው እየፈራሁ ስለሆነ የምጽፈውም ፍርሃቴን ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል የማጸዳ ሴት ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ የምታውቁት ጸሐፊ ካለ እሱን ላኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ማዶ ካለች ከተማ፣ ከአንድ ሆስፒታል ተደወለልኝ። የደወለችው ካረን የምትባል የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ናት።

"ዘነበች የሚባሉ ሴት ታውቂያለሽ? ቦርሳቸው ውስጥ ያገኘነው ስልክ ቁጥር ያንቺ ብቻ ነው" አለችኝ።

እትዬ ዘነበች ከዘጠኝ ቀን በፊት አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ወድቀዋል። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ ግን ታስሯል።

"ለምን ታሰረ?"

"ያወራጩታላ! ነርሶቹ ፈሩ። በአፍንጫቸው የገባውን የምግብ ቱቦ ሊነቅሉ ነው ብለው አሰሩት። የሚባለውን የሚረዱ አይመስለንም።"

ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችልኝ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ወይንሸት" አልኩ። ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ደጋግሜ ጠራኋቸው። አሁንም ትንፋሽ ብቻ ነው። ካረን ስልኩን መልሳ ይዛ፣ ዛሬ በአምስት ሰዓት ሐኪሞቹ እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። "አእምሯቸው የለም" ተብሎ ከተወሰነ፣ ከተራሮቹ ወዲያ፣ በመኪና አምስት ሰዓት ወደሚያስኬድ ቤት ይላካሉ። ራሳቸውን የማያውቁ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት ነው። ዘመድ ካለ ከዚያ በፊት ይምጣ፣ አለች።

ዘመድ አይደለሁም። ከዘመድ ግን እበልጣለሁ፤ ወይም እበልጥ ነበር። ከስድስት ወር ወዲህ አልተነጋገርንም።

12 ሰዓት ከሩብ፣ በጋሽ በቀለ ታክሲ

ጋሽ በቀለ ታክሲያቸውን ደጄ ላይ ፓርክ አድርገው ይጠብቁኛል። ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ፣ እዚህም መሪ አልለቀቁም። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ እኔ የማርያም ነኝ። እሳቸው "በኢየሱስ ስም" ብለው ሞተር ሲያስነሱ እኔ አማትባለሁ፤ በሁለታችን መሐል መኪናዋ ተጋጭታ አታውቅም።

"ሶ፣ ትናንት ኮል ስታደርጊኝ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉኝ መንገድ እንደጀመርን።

"አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ።"

"ባሕሩን ነው የምትፈሪው፣ ሴትዮዋን?"

"ሁለቱንም።"

"ማዶ ድረስ ድራይቭ አድርጌ ባደርስሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከሬድመንድ ፒክ አድርጌ ኤርፖርት የማደርሰው ካስተመር አለኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"እስከ ወደቡ ማድረስዎም ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ኖርዝጌት ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ። ጋሽ በቀለ በመስተዋቱ አዩኝ።

"አሁንም ያንን ታስቢያለሽ? ፎርጌት አድርጊው እንጂ፣ ልጄ።"

እንዴት አድርጌ? ባለፈው ግንቦት እዚያ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከእትዬ ዘነበች ጋር ቆመን ነበር። ወሬያችን ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር፤ እኔ ገዝቼዋለሁ፣ እሳቸው ጠልተውታል። ነገር ግን እኔና እሳቸው የምናወራው፣ በስደት እንደኖርንባት እንደ ሮም ሰው ነው፤ ባፍም በእጅም። እሳቸው አምስት ጣታቸውን፣ ጉርሻ ሊያጎርስ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ጫፍ ለጫፍ ሰብስበው አፍንጫዬ ሥር ይነቀንቃሉ። "ምን ሆነሽ ነው ይህን የገዛሽው?" ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ የጣቶቼን ጀርባ ከአገጬ ሥር ወደ ፊት ጥርግ አደርጋለሁ። "ምን ገዶኝ!" ማለት ነው። ድምፃችንም ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጫማ ነው እኮ። አጠገባችን የነበረች ሴት ዕቃዋን ሰብስባ ሸሸች። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ሁለት ሴቶች ሊደባደቡ ነው ተብሎ ተደውሎላቸው ነው።

"እጃችሁን ዝቅ አድርጉ" አለ አንደኛው።

እኛ ከመጣንበት ዘመንና አገር የመጣ ሰው ዩኒፎርም ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እኔ እጆቼን ወዲያው ዝቅ አደረግሁ። እትዬ ዘነበች ግን ፈርተውም ቢሆን ጣታቸውን ሰብስበው ፖሊሱ ላይ ነቀነቁበት፦ "ምን ፈልገህ ነው?" ያን ጊዜ ነው የጮህኩባቸው፣ በሰው ፊት።

"እትዬ፣ እጅዎን ይሰብስቡ! እዚህ ሮም አይደለም! አዋረዱኝ እኮ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊሶቹ ነገሩ ገብቷቸው ስቀው ሄዱ። እትዬ ዘነበች ሁለቱንም እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፣ እስከ ሌክ ሲቲም አላወጧቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ከባሕሩ ማዶ አንዲት ባልቴት የሚጠብቁበት፣ እዚያው እያደሩ የሚሠሩት ሥራ አግኝተው ሄዱ። አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም። ነገ፣ ነገ ስል ስድስት ወር ሆነ።

እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ሳወራ እጄን ኪሴ ውስጥ አኖራለሁ። ሥራ ቦታ ኪስ የሌለው ሽርጥ ስለብስ ከኋላዬ እይዘዋለሁ። አለቃዬ ጨዋ ሴት ናት ብላ ታወድሰኛለች።

1 ሰዓት፣ ወደቡ

የባሕር ቅጠል ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ፣ የእርጥብ ኮት ሽታ። መኪኖች በአራት ሰልፍ ቆመዋል፤ ነጫጭ ወፎች ሰው የጣለውን የድንች ጥብስ እየተሻሙ ይጮኻሉ። ጀልባ ይሉታል እንጂ ጀልባ አይደለም፣ ሦስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ነው። ሕንፃ ደግሞ ውሃ ላይ ምን ይሠራል? እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ባደግሁበት አገር ትልቁ ውሃ ክረምት የሚሞላው ወንዝ ነው፤ እሱም ሰው ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ በቀለ ከመኪናው ወርደው በዝናብ ውስጥ ጸለዩልኝ። አጠር ያድርጉት አልላቸው ነገር።

"ኦኬ፣ ስሚ። ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ፒክ አደርግሻለሁ።"

"ባያውቁኝስ፣ ጋሼ?"

"ካላወቁሽ ታሳውቂያቸዋለሽ።"

"እንዴት?"

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ሬድመንድ ሄዱ። እኔም ብቻዬን ትኬት ቆርጬ ተሳፈርኩ።

1 ሰዓት ተኩል፣ ውሃው ላይ

ውስጡ እንደ ባቡር ጣቢያ ነው። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ሰዉ ጋዜጣ ያነባል፣ ይተኛል፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች። ቡና ሰባ አምስት ሳንቲም፣ በወረቀት ኩባያ ነው፤ ቀለሙ የቡና፣ ጣዕሙ የወረቀቱ። ወለሉ ከእግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር የወንበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ። ከተማዋ በመስኮቱ ወደ ኋላ ትሸሻለች። መሬት ስትሸሽ ማየት ደግ ነገር አይደለም።

በቀኝ እጄ አማተብኩ። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሳላስበው ጠቋሚዋንና ትንሿን ጣት ወደ መሬት ዘርግቶ ሌሎቹን አጠፈ። ሮም ላይ ክፉ እንዳይነካቸው እንዲህ ቀንድ ይሠራሉ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ ለፍርሃት የተገኘው ሁሉ ይሞከራል።

ስለ ሮም ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የቀረው አይገባችሁም። እኔና እትዬ ዘነበች እዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወረቀት ጠብቀናል። የተዋወቅነው የስደተኞች ቢሮ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ሃምሳን አልፈዋል፣ ልጅም ዘመድም የላቸውም። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። ቋንቋውን ስለማናውቅ ከታች ያለው አትክልት ሻጭ ሽማግሌ በእጁ ያስተምረን ጀመር። ጠቋሚ ጣትን ጉንጭ ላይ ተክሎ ማዞር፣ ይጣፍጣል። የዓይንን የታች ቆብ በጣት ወደ ታች መሳብ፣ ተጠንቀቂ፣ ይህ ብልጥ ነው። ሁለት መዳፍ ገጥሞ ወደ ላይ ወደ ታች መነቅነቅ፣ እባክህን። አምስት ጣት ሰብስቦ፣ ልብ እንደሚመታ መክፈት መዝጋት፣ መክፈት መዝጋት፣ ፈርቷል። ይህችን የመጨረሻዋን ከእትዬ ዘነበች ቀድሜ የለመድኳት እኔ ነኝ። "እሷስ ያንቺው ናት፣ ላንቺ የተፈጠረች" ይሉኝ ነበር እየሳቁ። በየሳምንቱ ወደ ቢሮው ስንሄድ መንገድ ላይ አሳያቸዋለሁ፤ እጄን ያዝ አድርገው ይዘጉታል።

አንድ ቀን ቢሮው ውስጥ አስተርጓሚው ቀረ። ሹሙ ሁለት ፋይል ይዞ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ሊያስቀምጥ ሲል አየን። ወደ ሁለት አገር ማለት ነው። "አብራችሁ ናችሁ?" ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ይህን ቃል እናውቃለን። እትዬ ዘነበች ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው አንዱን ባንዱ ላይ አሻሹለት። አብረን ነን። ሰውዬው ሳቀና ፋይሎቻችንን ደራረባቸው። እኔ ሲያትል የመጣሁት በነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። እነዚያን ጣቶች ነው እንግዲህ ኖርዝጌት ላይ ይሰብስቡ ያልኩት።

ይህን ስጽፍ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ ብዕሬ ገጹን አቋርጦ ሄደ፤ መስመሩ አሁንም አለ። አንዲት የጀልባው ሠራተኛ ፊቴን አይታ ቀረበችኝ።

"ደህና ነሽ?"

እንግሊዝኛው ጠፋኝ። እጄ ራሱ ከኪሴ ወጣና አምስት ጣቱን ሰብስቦ ከፈተ ዘጋ፣ ከፈተ ዘጋ። ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ገባኝ ማለቷ ነው። ሮጣ ሄዳ የወረቀት ከረጢት አመጣችልኝ፣ እንዳስመልስበት ብላ። ከረጢቱን አመስግኜ ተቀበልኩ፤ እጄን ወደ ኪሱ መለስኩ።

3 ሰዓት፣ ማዶ

ከወደቡ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱ ዳገት ነው፤ በግራም በቀኝም ጥድ ብቻ፣ ጥቁር ሆኖ የሚንጠባጠብ። ነዳጅ ማደያ፣ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ የተዘጋ አይስክሬም ቤት። ሹፌሩን "ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ንገረኝ" አልኩት፤ "መጨረሻው ፌርማታ ነው፣ ብትፈልጊም አታልፊውም" አለኝ። ማለፍ ግን ፈልጌ ነበር።

ሆስፒታሉ ታች አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ማንም አላዘገየኝም፤ ፈርቼ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንደኛ፣ ሲያዩኝ እንደ ግድግዳ አይተውኝ እንዳያልፉ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ እንዳያውቁኝ ከመፍራት ይልቅ እንዲያውቁኝ ፈራሁ። ካወቁኝ ያ የኖርዝጌቱ ቃል አብሮኝ ይገባል። ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው። አእምሯቸው ደህና ነው ከተባለ "ማን ይወስዳቸዋል?" ተብሎ ይጠየቃል። እኔ አንዲት ክፍልና አንድ ሶፋ አለኝ። ብርቱካኑን ልጬ በላሁት፤ ለሳቸው ነበር የያዝኩት።

4 ሰዓት ከሩብ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ካረን ወረደች። ቡናማ ሹራብ የለበሰች ረጅም ወጣት ናት፤ እጄን ስትጨብጥ አልለቀቀችኝም። አሳንሰሩ ውስጥ "አትደንግጪ" አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የማይደነግጥ ሰው ካለ ንገሩኝ።

እትዬ ዘነበችን በሰው ፊት ያለ ሻሽ አይቻቸው አላውቅም። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው። አፋቸው ወደ ቀኝ ወርዷል። ቱቦው በአፍንጫቸው ገብቶ በፕላስተር ተይዟል። ግራ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ማሰሪያ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል፤ አንጓቸው ቀልቷል። አንዲት ነርስ ሙቀት ትለካለች።

"እትዬ" አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ፊታቸው ላይ ግን ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። በቃ፣ አልቋል፣ አልኩ በልቤ።

"እጃቸውን ፍቺልኝ" አልኳት ነርሷን።

"ቱቦውን ቢነቅሉትስ? ደግመን ማስገባት ለሳቸውም ሥቃይ ነው።"

"አጠገባቸው እቆማለሁ።"

ነርሷ ካረንን አየቻት። ካረን እሺ አለች። ማሰሪያው ሲፈታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እጃቸው ትንሽ ጊዜ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቶ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊታቸው ተነሳ። ነርሷ "ይኸው!" ብላ ወደ ቱቦው ዘለለች። እጁ ግን ቱቦውን አልነካም። አገጫቸው ሥር ደረሰ፣ ተገለበጠና የጣቶቹ ጀርባ ወደ እኔ ጥርግ አለ።

ምን ገዶኝ! ሂጂ ከፊቴ!

ስድስት ወር የተጠራቀመ ነበር፤ ሙሉው ደረሰኝ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

"አወቁኝ! ተቀይመውኛል!" አልኳት ካረንን። "አየሽ፣ ተቀይመውኛል! አእምሮ የሌለው ሰው ቂም ይይዛል?"

እኔ እጆቼን ከኪሴ አወጣሁ። ሁለቱን መዳፎቼን ገጥሜ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅሁ። እባክዎን። እባክዎን እትዬ። እጆቼን አዩ። ፊቴን ትተው እጆቼን ብቻ ብዙ አዩ። ከዚያ የሳቸው እጅ እንደገና ተነሳ፤ አምስቱን ጣት ሰበሰበ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ።

"ይኸውልሽ" አለች ነርሷ። "ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ቱቦውን ለመያዝ መስሎን ነው ያሰርነው።"

"ፈርቻለሁ ነው የሚሉት" አልኳት።

ነርሷ ማሰሪያውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ዘጠኝ ቀን ፈርቻለሁ ሲሉ ኖረዋል፤ ትናንት በስልክ ስጠራቸውም ታስሮ መልሶልኝ ይሆናል፣ ያ እጅ። ያችን የኔን ምልክት፣ ለኔ የተፈጠረችውን። እኔም ጣቶቼን ሰብስቤ አሳየኋቸው፤ እኔም፣ እትዬ፣ እኔም።

5 ሰዓት

ሁለት ሐኪሞች መጡ። አንዱ በዕድሜ የገፋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ነው፤ ሌላዋ ወጣት ሴት ናት። ካረን ቅጽ ይዛ እግርጌ ቆማለች። የነገርኩትን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሐኪም አልቸኮለም፤ እጅ ማወናጨፍና መረዳት አንድ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። እኔም የወደድኩትን እየተረጎምኩ ይሆናል ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

"ዛሬ ፀሐይ ነው፣ አይደለም? በያቸው" አለኝ።

አልኳቸው። እትዬ ዘነበች መስኮቱን አዩ፤ ዝናቡ መስተዋቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ሐኪሙን አዩት። አምስት ጣታቸውን ሰብስበው ወደሱ ነቀነቁ።

"ምን አሉ?"

"ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? አሉ።"

ወጣቷ ሐኪም ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

"ስማቸው ሜሪ ነው?"

ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዙ። ይህ ትርጉም አላስፈለገውም።

"ይህች ሴት ማን ናት?" አለ እኔን እያሳየ።

እትዬ ዘነበች አሰቡ። ከዚያ ጣታቸውን ከዓይናቸው ሥር አድርገው የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳቡት። ለመተርጎም አልፈለግሁም ነበር፤ ሁሉም ግን እኔን ይጠብቃሉ።

"ከሷ ተጠንቀቅ፣ አሉ።"

ሐኪሙ አሁን ሳቀ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ፈረመ። "ይረዳሉ። ከአንዳንዶቻችንም ይሻላሉ" አለ። "ከተራራው ወዲያ ያለው ቤት የሳቸው ቦታ አይደለም። ጥቂት ሳምንት እዚህ ይታከማሉ፤ ከዚያ ግን ወደ አንድ ቤት መሄድ አለባቸው።" ወደ ካረን ዞረ። ካረን ወደ እኔ ዞረች።

የፈራሁት ጥያቄ ይኸው መጣ። ባልቴቷ ቤት ተመልሰው መሥራት አይችሉም። የኔ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አሳንሰር የላትም። ሥራ ስሄድ ማን ያያቸዋል? ካሁን በኋላ ባይናገሩስ? እኔ ራሴን እንኳ በቅጡ አልያዝኩም። ይህ ሁሉ በልቤ ሲሮጥ ፈሪ ለእናቱ የሚባለው ትዝ አለኝ። እናቴ ሩቅ ናት። እዚህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ ከኔ ጋር ይመጣሉ? አንድ ክፍል ናት። ደረጃም አላት" አልኩ።

እንቢ ቢሉኝ ተገቢ ነው። ያ የአገጭ ምልክት እንደገና ይመጣል ብዬ እጃቸውን ጠበቅሁ። ከዚያ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ተነሳ፣ ሌሎቹ ጣቶች ታጠፉ፣ ጠቋሚዋ ብቻዋን ቆመች። እንደቆመች ቀረች።

"አንድ ነገር ፈለጉ?" አለች ወጣቷ ሐኪም።

"ቆይ ማለታቸው ይሆን?" አለች ነርሷ።

እኔም አላወቅሁትም። በምልክቶቻችን መሐል እንዲህ ያለ የለም። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዞሩ፤ እሱ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጎናቸው ተኝቷል፣ አይነሳም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ጣቷ አሁንም ቆማለች፣ እየደከመች ትንቀጠቀጣለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠቋሚ ጣቴን አጠገቧ አቆምኩ። የሳቸው ጣት፣ ሮም ቢሮው ውስጥ እንዳደረጉት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በኔ ጣት ላይ ተሻሸች።

"ይህ ደግሞ ምን ማለት ነው? ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ካረን፣ ብዕሯን ቅጹ ላይ አንጠልጥላ።

የሌክ ሲቲውን አድራሻዬን ነገርኳት።